የ12 ቀን የኡጋንዳ ጉዞ በራሳችን ዕቅድ፦ የትኛው ይቅር?

የኮረብታ መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃችንና እኔ በመጪው ሐምሌ ኡጋንዳን ለመጎብኘት አስበናል። ሃያ ሰው በአንድ አውቶቡስ ተጭኖ በሰዓት እየተነዳ የሚዞርበት ጥቅል ጉዞ አይስማማንም፤ ስለዚህ የምንፈልገውን ብቻ የያዘ መርሐ ግብር ራሳችን አውጥተን፣ መኪናና ሾፌር የሚያቀርብልንን አንድ የአገሩን ድርጅት ብቻ ለመቅጠር ወስነናል። ያለን ጊዜ ከመድረሻችን እስከ መመለሻችን 12 ቀን ነው፤ ከዚህ በላይ ፈቃድ ማግኘት አልችልም።

ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ካርታ ላይ አፍጥጬ ያወጣሁት ዕቅድ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ቀን እንቴቤ እናርፋለን፤ በሁለተኛው ቀን በመኪና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ኪዴፖ ፓርክ እንሄድና ሦስተኛውን ቀን እዚያው እንውላለን። አራተኛው ቀን ወደ መርቺሰን ፏፏቴ መጓዣ ይሆናል፤ በአምስተኛው በጀልባ ናይልን እናያለን። ስድስተኛው ወደ ኪባሌ ደን፣ ሰባተኛው ለቺምፓንዚ፣ ስምንተኛው ለኩዊን ኤልሳቤጥ ፓርክ ነው። በዘጠነኛው በኢሻሻ በኩል ዛፍ ላይ የሚወጡትን አንበሶች አይተን የጎሪላዎቹ ደን በሆነው በብዊንዲ እናድራለን፤ በአሥረኛው ሦስታችንም ጎሪላ እናያለን። አሥራ አንደኛውን በምቡሮ ሐይቅ አሳልፈን፣ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ልጃችን የምትመኘውን ሹቢል የተባለውን ወፍ ማባምባ ረግረግ ላይ ፈልገን ማታ እንበርራለን።

አንድ ወዳጄ ዕቅዱን አይቶ «ይህ ጉብኝት ሳይሆን የጭነት መኪና ሥራ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው? የሚቀነስ ካለ የትኛው ይቀነስ? ከአውሮፕላን ቲኬት፣ ከሎጅና ከፓርክ ፈቃድ መጀመሪያ ገንዘብ የሚከፈለውስ ለየትኛው ነው? የሄደበት ሰው ቢመልስልኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ካርታ አንባቢ፦

ደስ የማይለውን አስቀድሜ ልናገር። ጎሪላ ለማየት ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ልጅዎ በዚህ ሐምሌ ወደ ደኑ መግባት አትችልም። ፓስፖርት ስለሚታይ «ረጅም ናት፣ ትልቅ ትመስላለች» የሚለው ክርክር በር ላይ አያስኬድም። ይህን አሁን ማወቅዎ በጎ ነው፤ ከፍለው እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚያውቁትን ቤተሰቦች አይቻለሁና። ለቺምፓንዚም የራሱ የዕድሜ ገደብ ስላለ፣ ለእርሷ ከመክፈልዎ በፊት ከኡጋንዳ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። መጀመሪያ የሚከፈለው ለጎሪላ ፈቃድ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬቱም ሎጁም ከእርሱ በኋላ ይመጣሉ። ሎጅ ቢሞላ ሌላ ሎጅ አለ፣ በረራውም በአንድ ቀን ቢዘገይ ዓለም አይገለበጥም፤ ፈቃዱ ግን ለተወሰነ ቀን፣ ለተወሰነ የደኑ ክፍልና ለተወሰነ ሰው የሚሰጥ ነው። ሰው የለመደን አንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚጎበኙት 8 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሚቆዩትም አንድ ሰዓት ነው። ሐምሌ ደግሞ በዚያ አገር ደረቅ ወቅት ውስጥ ስለሚውል ፈላጊው ይበዛል፤ ከወራት በፊት ካልተያዘ ላይገኝ ይችላል። ነዋሪ ላልሆነ የውጭ አገር ሰው ከጁላይ 2024 ጀምሮ የተተመነው ዋጋ 800 ዶላር ነው፤ የኪባሌ ቺምፓንዚ ደግሞ 250 ዶላር። ዋጋው እንደ ዜግነትና እንደ መኖሪያ ስለሚለያይ፣ የእናንተ ፓስፖርት በየትኛው መደብ እንደሚወድቅ ከባለሥልጣኑ የወቅቱ የዋጋ ሰሌዳ ላይ ሳያዩ ለማንም ወኪል ገንዘብ አይላኩ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፈቃዱ የሚጻፈው በፈረንጅ ቀን ነው፤ እኛ ግን «ጁላይ»ን «ሐምሌ» ብለን እየተረጎምን ቁጥሩን እንዳለ እንወስዳለን። ሐምሌ 10 ማለት ጁላይ 17 ነው። ፈቃዱን፣ የሎጁን ማረጋገጫና የአውሮፕላን ቲኬቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው በአንድ የቀን አቆጣጠር ብቻ ያመሳክሩ።

ሁለተኛው ነገር የደኑ ክፍል ነው። ብዊንዲ ስፋቱ 321 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ካርታ ላይ ትንሽ ይመስላል፤ የጎሪላ ጉብኝት የሚጀመርባቸው አራት መግቢያዎች ግን፣ ማለትም ቡሆማ፣ ሩሂጃ፣ ሩሻጋና ንኩሪንጎ፣ በመኪና ሲኬድ የሚገናኙት ደኑን በሚዞር ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ነው። ከቡሆማ ወደ ሩሻጋ ከ3 ሰዓት በላይ ይወስዳል። እርስዎ ከሰሜን፣ ከኢሻሻ በኩል ስለሚመጡ ቡሆማ በመንገድዎ ላይ ነው፤ ሩሻጋና ንኩሪንጎ የሚመቹት ከደቡብ፣ ከሩዋንዳዋ ኪጋሊ ወይም ከኪሶሮ ከተማ ለሚነሣ ነው። ስለዚህ ፈቃዱን «ብዊንዲ» ብለው ሳይሆን «ቡሆማ» ብለው ይጠይቁ።

አሁን የሚቀነሰው፦ ኪዴፖ። ይህን ስል ልቤ እያዘነ ነው፤ ሰፊው ሸለቆና የጎሽ መንጋው ከሌላው ሁሉ የሚበልጥብኝ ሰው ነኝ። ነገር ግን ከካምፓላ በመኪና ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ አንድ ሙሉ ቀን ተጉዞ፣ አንድ ቀን ውሎ፣ እንደገና አንድ ሙሉ ቀን መጓዝ በእርስዎ 12 ቀን ውስጥ ሩቡን መብላት ነው። በትንሽ አውሮፕላን ከእንቴቤ መብረር ይቻላል፤ ለሦስት ሰው የሚያስወጣው ገንዘብ ግን ሌላ ጉዞ ነው። ኪዴፖን ለብቻው ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

የቀረውን መንገድ ሲያሰሉ ርቀቱን ትተው ሰዓቱን ይቁጠሩ። ከካምፓላ እስከ መርቺሰን 5 ወይም 6 ሰዓት፣ ከመርቺሰን በሆይማ በኩል የኪባሌ ጎረቤት ከተማ እስከሆነችው እስከ ፎርት ፖርታል 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ፣ ከኪባሌ ወደ ኩዊን ኤልሳቤጥ 3 ሰዓት ያህል፣ ከቡሆማ እስከ ምቡሮ ደግሞ 6 ወይም 7 ሰዓት ያስኬዳል። ከካምፓላ ለመውጣት የሚፈጀውን ጊዜ በዚህ ውስጥ አላስገባሁም፤ እርሱን ማንም አያውቀውም። በእኔ አስተያየት በተከታታይ ሁለት ቀን ከ5 ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ የሚያስቀምጥ ዕቅድ፣ ከልጅ ጋር ሲሆን በተለይ፣ ሦስተኛውንም ቀን ያበላሻል።

የወፍ ወዳጅ፦

ለጠያቂያችን ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ የምጽፈው ስለ ልጅዎ ነው፤ ጎሪላው ቢቀርባትም ይህ ጉዞ ከማንኛችሁም በላይ የእርሷ ሊሆን ይችላልና።

ማባምባን ከመጨረሻው ቀን አንሥተው ወደ መጀመሪያው ያምጡት። ምክንያቴ ቀላል ነው። ማታ በረራ ያለበት ሰው ጀልባ ላይ ሆኖ ሰዓቱን እያየ ወፍ አይፈልግም፤ ሹቢል ደግሞ ሰዓት የሚያይ ሰው አይወድም። ረግረጉ ከእንቴቤ ብዙም ስለማይርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ማለዳ ተነሥታችሁ በቀዘፋ ጀልባ በደንገሉ መካከል በምትከፈተው ጠባብ የውኃ መንገድ መግባት ትችላላችሁ። በዚያን ቀን ባይገኝ እንኳ ለመጨረሻው ቀን ሁለተኛ ዕድል ይቀራችኋል።

እኔ ባየሁት ቀን ጀልባ ቀዛፊያችን መቅዘፉን አቁሞ በአገጩ ብቻ ወደ ግራ አመለከተን። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም፤ ከዚያ ግራጫ ግንድ የመሰለኝ ነገር ዓይን አወጣ። ቁመቱ የአንድ ትንሽ ልጅ ያህል ነው፤ ምንቃሩ የእንጨት ጫማ ይመስላል፣ ጫፉም እንደ መንጠቆ ወደ ታች ይታጠፋል። ሃያ ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ መላ ሰውነቱን ወደ ፊት ወርውሮ ውኃው ውስጥ ወደቀ፤ እንደ ሌሎች የውኃ ወፎች በምንቃሩ አይወጋም፣ ይወድቃል ነው የምለው። ሲነሣ ከአፉ ሣርና ጭቃ እየተንጠባጠበ አንድ የሳንባ ዓሣ ይዞ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ቀድሞ ይህን ወፍ ያየ ቀኑን ዓሣ አያገኝም ብለው ያሳድዱት እንደነበር ቀዛፊያችን ነገረን፤ አሁን ብዙዎቹ ጎብኚ በማመላለስ ስለሚኖሩ ወፉን ይጠብቁታል።

ከኪባሌ ደን አጠገብ ያለችው ቢጎዲ ሌላዋ የልጅዎ ቀን ናት። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የረግረግ ዳር የእግር ጉዞ አለ፤ አስጎብኚዎቹ የዚያው ልጆች ናቸው፣ ጉሬዛና ሌሎች ጦጣዎችም ከራሳችሁ በላይ ይዘላሉ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ጠዋት ቺምፓንዚ ፍለጋ ስትሄዱ ልጅዎ ከሌላው ጋር ቢጎዲ ላይ ብትውል አይቆጫትም። ቺምፓንዚንም ፈጽሞ አታጣም፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያለችው ንጋምባ ደሴት ከ1998 ጀምሮ ወላጆቻቸው የተገደሉባቸውን ቺምፓንዚዎች የምታኖር መጠለያ ስትሆን፣ ከእንቴቤ በጀልባ ተሄዶ ሲመገቡ ከመመልከቻው ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። በዱር እንደማየት አይደለም፤ ለ13 ዓመት ልጅ ግን በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የዓይን መነጽር፣ ማለትም ቢኖክላር፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይሁን። በአንድ መነጽር ሦስት ሰው ሲቀባበል ወፉ ይበርራል፤ ቀጥሎ ያለውን ጠብ እኔ አልናገርም።

የኮረብታ መንገደኛ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዕድሜውን ነገር ለልጄ ስነግራት ለአንድ ምሽት አኮረፈችኝ፤ በማግሥቱ ግን የሹቢልን ፎቶግራፍ በክፍሏ በር ላይ ለጥፋ አገኘኋት፤ ስለዚህ ጉዳዩ የተፈታ ይመስላል።

እኔና ባለቤቴ አንዳችን ብቻ እንሂድ ወይስ በተለያየ ቀን ተራ በተራ እንግባ እያልን ነው። ሁለት ተከታታይ ቀን ቡሆማ ማደር ጊዜ ማባከን ይሆን? ደግሞም ስለ ደኑ ያነበብኩት ሁሉ ወይ ያስፈራል ወይ ያጋንናል። አንዱ «ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አገኘናቸው» ይላል፤ ሌላው «ቀኑን ሙሉ በጭቃ ተንከባለልን» ይላል። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ መንገድ ላይ ብትቀርስ?

ከሳማው የተረፈ፦

እኔ ሁለት ጊዜ ስለገባሁ ልመልስልዎ። ሁለቱም ያነበቡት ትክክል ነው። ጎሪላዎቹ በየምሽቱ አዲስ መኝታ ስለሚሠሩ የት እንደሚያድሩ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፤ ፈላጊዎቹ ገና በማለዳ ትናንት የታዩበት ቦታ ሄደው ዱካውን ይከተሉና ለእናንተ አስጎብኚ በሬዲዮ ይነግሩታል። በመጀመሪያው ጉዞዬ 50 ደቂቃ ብቻ ተራመድን፤ በሁለተኛው ከ4 ሰዓት በላይ። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ገለጻ በሚሰጥበት ጊዜ የባለቤትዎን የጉልበት ሕመም ሳያፍሩ ለዋናው ሬንጀር፣ ማለትም ለፓርኩ ጠባቂ፣ ይንገሩት፤ ሰውን በየቤተሰቡ ሲደለድሉ ለደካማው ቅርብ ይሆናል ብለው ወደሚገምቱት ቡድን ለመመደብ ይሞክራሉ። ዋስትና ግን የለም።

ተሸካሚ መቅጠርን አይለፉት። ከመንደሩ የሚመጡ ወጣቶች፣ ብዙ ሴቶችም፣ በ15 ወይም በ20 ዶላር ያህል ቦርሳ ይይዛሉ። እውነተኛ ሥራቸው ግን ቦርሳው አይደለም። እኔ የያዝኳት ልጅ ቁልቁለቱ ላይ እግሯን ከእግሬ በታች እያጋደመች ደረጃ ትሠራልኝ ነበር፤ ስንወጣ ከኋላ ገፋችኝ፣ ወንዝ ስንሻገር እጄን ያዘች። ለባለቤትዎ ሁለት ተሸካሚ ቢቀጥሩ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም።

ስለ ልብስ የሚባለው ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ሳማ። ብዊንዲ ውስጥ የሚበቅለው ሳማ ስስ ሱሪን አልፎ ይለበልባል። ወፍራም ሱሪ፣ ሱሪው ውስጡ የሚገባበት ረጅም ካልሲና የአትክልተኛ ጓንት ይያዙ። የመጀመሪያ ቀን ጓንት አልያዝኩም፤ ቁልቁለት ላይ ሲያዳልጠኝ በደመ ነፍስ የያዝኩት ቅጠል ሳማ ሆኖ ማታ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። የዝናብ ልብስ በደረቁ ወቅትም ያስፈልጋል፤ ደኑ ደን የሆነው ዓመቱን ሙሉ ስለሚዘንብበት ነው። ከፍታው ከ1,160 እስከ 2,607 ሜትር ስለሚደርስ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሹራብ አይርሱ።

ከጎሪላዎቹ ጋር ስለምታልፈው አንድ ሰዓት ብዙ አልልም። አስጎብኚው ቆመን ዱላችንን፣ ቦርሳችንንና ምግባችንን ለተሸካሚዎች እንድንሰጥ አደረገን፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አደረግን። ቅጠሉን በገጀራ ገለጥ ሲያደርገው መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ እንደ ላብና እንደ ረጠበ አፈር ያለ። ቀጥሎ የአንድ ጀርባ ብርማ ጠጉር። አውራው ሆዱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ አንዲት ግልገል ጎኑ ላይ ወጥታ ትንሸራተታለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። አስጎብኚው በየጊዜው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ዝቅ ያለ ድምፅ ያሰማል፤ አውራውም በዚያው ድምፅ ይመልስለታል። ሕጉ 10 ሜትር ራቁ ይላል፤ ግልገሏ ግን ሕጉን አታውቅም፣ ወደ እኛ ስትመጣ ወደ ኋላ የምናፈገፍገው እኛ ነበርን። ምክንያቱ ከትሕትና ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በተካሄደው ቆጠራ በብዊንዲና ከእርሱ ጋር በተያያዘው በኮንጎ በኩል ባለው ሳራምብዌ ደን የተገኙት 459 ጎሪላዎች ነበሩ፤ በቪሩንጋ ተራሮች ያሉት ሲጨመሩ በዓለም ላይ የሚታወቁት የተራራ ጎሪላዎች 1,063 ሆኑ። የእኛ ተራ ጉንፋን ለእነርሱ ተራ አይደለም። ስለዚህም ያስነጠሰው፣ ያተኮሰው ሰው ያንን ሁሉ ዶላር ከፍሎም ቢሆን እንዳይገባ ይደረጋል። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ራሳችሁን ጠብቁ።

ይህም ወደ ጥያቄዎ ይመልሰኛል፦ ቡሆማ ሁለት ጊዜ ማደር ጊዜ ማባከን አይደለም። ባለቤትዎ በመጀመሪያው ቀን፣ እርስዎ በሁለተኛው ይግቡ። በደኑ ዳር ያለው የመንደር ጉዞ ለልጅዎ ይበቃታል። እዚያ ባትዋዎችን ታገኛላችሁ፤ በ1991 ደኑ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ከኖሩበት ጫካ እንዲወጡ የተደረጉ ሰዎች ናቸው። ጉብኝቱ ሲዘጋጅ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ ጠይቁ፤ እነርሱ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ጉብኝት ሌላው ሰው በእነርሱ ስም ከሚያዘጋጀው ትርኢት በጣም ይለያል። ልጅዎ ደኑ ለጎሪላዎቹ ሲባል የተዘጋበትን ሰው አግኝታ ብትሰማው ጎሪላውን ከማየት ያላነሰ ነገር ይዛ ትመለሳለች።

ካርታ አንባቢ ስለ ደኑ ክፍሎች የጻፈውን በእኔ ላይ ደርሶ ስላየሁት ላጠንክረው። በመጀመሪያ ጉዞዬ የያዝኩት ወኪል ፈቃዱን በሩሻጋ፣ ሎጁን በቡሆማ ያዘልኝ። ያወቅነው ማታ እራት ላይ፣ የሎጁ ሠራተኛ ወረቀቱን አይቶ ዝም ሲል ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥተን፣ በጨለማ በጭጋግ ተራራ ለተራራ ተጉዘን፣ ገለጻው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። ወኪሉ በኋላ በስልክ ያለኝ «ሁለቱም ብዊንዲ ነው እኮ» ነበር።

ካርታ አንባቢ፦

ሌሊት 9 ሰዓት የሚለውን ሳነብ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የሉጋንዳ ተናጋሪዎች በቋንቋቸው ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው፤ «ሳዋ ቢሪ» ካሉ ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ያንኑ ሰዓት ስምንት ይሉታል። ሾፌራችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደነገራችሁ ልብ በሉ፤ ጥርጣሬ ካለ «ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ከመሄድዎ በፊት የሚጠናቀቁትን ባጭሩ ላስቀምጥ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ ክትባቱ ከመግባትዎ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ይህ ክትባት ከወባ እንደማይከላከል አይርሱ፤ የወባ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክራችሁ ለየብቻ ትወስዳላችሁ። ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል፤ የቱሪስት ቪዛው 50 ዶላር ነው። በኪጋሊ በኩል ለመውጣት ሐሳብ ካለዎት ኡጋንዳን፣ ሩዋንዳንና ኬንያን በአንድነት የሚያካትት የ100 ዶላር የምሥራቅ አፍሪካ ቪዛ አለ፤ እርሱን የሚጠይቁት መጀመሪያ ከሚገቡበት አገር ነው። ዶላር ሲይዙ አዳዲስ ኖት ይያዙ፤ የቆየ ዓመት የታተመበትን ወይም ትንሽ የተቀደደውን አይቀበሉም፣ በትናንሽ ኖቶች ላይም የምንዛሬው መጠን ይወርዳል። ድሮን ቤት ይቅር፤ ያለ ፈቃድ ይዘው ከገቡ ጣጣው ብዙ ነው።

የፓርክ መግቢያ የሚቆጠረው በ24 ሰዓት መሆኑ ዕቅድ ሲያወጡ ገንዘብ ያድናል። ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ከገቡና በማግሥቱ ከዚያ ሰዓት በፊት ከወጡ የማታውንም የማለዳውንም ጉዞ በአንድ ክፍያ ያገኛሉ፤ እንስሳት የሚታዩት ደግሞ በእነዚህ ሁለት ጊዜያት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ገብቶ በማግሥቱ 6 ሰዓት የሚወጣ ሁለት ቀን ይከፍላል፤ ያየውም ቀትር ላይ ጥላ ሥር የተኛ ቆርኬ ነው።

ከሚቀጥሩት ድርጅት ጋር በምትስማሙበት ወረቀት ላይ አራት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ መኪናው ጣሪያው የሚከፈትና አራቱም ጎማው የሚጎትት መሆኑ፤ ነዳጅና የሾፌሩ አልጋና ምግብ በዋጋው ውስጥ መሆኑ፤ ፈቃዶቹ በስማችሁ የወጡ መሆኑና ቅጂያቸው ቅድሚያ ክፍያው በተከፈለ በስንት ቀን እንደሚላክላችሁ፤ እንዲሁም መኪናው ቢበላሽ ምትኩ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ። ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ድርጅት ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ስለ ርካሽ ዋጋ ደግሞ፦ የፈቃዱ ዋጋ ለሁሉም ወኪል አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ከሌላው በብዙ ከቀነሰ የቀነሰው ከመኪናው፣ ከሎጁ ወይም ከሾፌሩ ደመወዝ ነው። ሾፌሩ 12 ቀን ሕይወታችሁን የሚይዝ ሰው ነው።

የኮረብታ መንገደኛ፦

ወዳጆቼ፣ ዕቅዱ ተለውጧል። ባለቤቴና ልጄ አንብበው ያጸደቁት ይህ ነው፤ ስሕተት ካያችሁበት ንገሩኝ።

በመጀመሪያው ቀን እንቴቤ እናርፋለን። በሁለተኛው ማለዳ ማባምባ እንሄዳለን፤ ከሰዓት በኋላ ምንም አንሠራም። በሦስተኛው ወደ መርቺሰን ስንሄድ መንገዳችን ላይ ዚዋ ወደተባለው የአውራሪስ መጠለያ ገብተን ከሬንጀር ጋር በእግራችን አውራሪስ እናያለን፤ የኡጋንዳ የዱር አውራሪሶች በ1980ዎቹ መጀመሪያ አልቀው እንደነበርና እዚያ እንደገና እየተዋለዱ መሆኑን ልጄ ናት የነገረችኝ። አራተኛው ሙሉ ቀን የመርቺሰን ነው፦ ማለዳ ቀጭኔና ዝሆን፣ ከሰዓት በኋላ ናይል 7 ሜትር ያህል በምትሆን የድንጋይ ስንጥቅ ተጨቁኖ ከ40 ሜትር በላይ ወደሚወድቅበት ሥፍራ በጀልባ። አምስተኛው የመንገድ ቀን ነው፤ ፎርት ፖርታል እናድራለን። በስድስተኛው እኔ ቺምፓንዚ ፍለጋ ስሄድ እናትና ልጅ ቢጎዲ ይውላሉ፤ ባለቤቴ ጉልበቷን ለጎሪላው ልታቆይ መርጣለች። በሰባተኛው ኩዊን ኤልሳቤጥ ገብተን ከሰዓት በኋላ የካዚንጋን ቦይ በጀልባ እናያለን። በስምንተኛው በኢሻሻ የሾላ ዛፎች ሥር ቀስ ብለን አልፈን ቡሆማ እንገባለን። ዘጠነኛው የባለቤቴ፣ አሥረኛው የእኔ የጎሪላ ቀን ነው። አሥራ አንደኛው ምቡሮ፣ አሥራ ሁለተኛው እንቴቤና በረራ።

ኪዴፖ ወጥቷል፣ ንጋምባም አልገባም። ለሁለቱ የቡሆማ ቀናት ፈቃድ መኖሩን ዛሬ ጠዋት ጠይቄያለሁ፤ ለመጀመሪያው ቀን አራት፣ ለሁለተኛው አንድ ብቻ ቀርቷል የሚል መልስ መጣልኝ። በፈረንጅ ቀን ነው የጠየቅሁት።

ካርታ አንባቢ፦

ዕቅዱ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ስምንተኛው ቀን ከሌሊቱ ጀምሮ ዝናብ ከጣለ የኢሻሻ መንገድ ጭቃ ስለሚይዝ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መጠባበቂያ ይያዙለት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ከወጣችሁ ይበቃል። አሁን ግን ይህን ማንበብ ትተው ለሁለተኛው ቀን የቀረውን አንድ ፈቃድ ይክፈሉ።

የኮረብታ መንገደኛ፦

ከፈልኩ። ቡሆማ ይላል፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።